ለቅሶ መሀል የገባው ሹክሹክታ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም የትኛው ሀ ከየትኛው ቃል እንደሚገባ በቅጡ አላውቅም። ስንት የቅኔ መምህር ባለበት አገር እኔ ብዕር ማንሳቴ ድፍረት መሆኑም አይጠፋኝም። ግን የጥሩአየሁን ነገር ሰው እንዳሻው እያወራ አበላሸው። አንዱ ጠንቋይ ያደርጋታል፣ ሌላው ጀግና። እሷ ደግሞ አንዱንም አይደለችም፤ ፈሪ ሴት ናት፣ እንደኔ። እንደሆነው ልጻፈው ብዬ ነው። የተሳሳተ ነገር ብታገኙ በኔ ሳቁ፣ በእሷ ግን አትሳቁባት።

ጥሩአየሁ የተወለደችው ከቢቸና ወረድ ብሎ ካለ የገበሬ መንደር ነው። ገና በልጅነቷ ተዳረች፤ ባሏ ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ ሰደዳት። አባቷ ቤት መመለሱ ከበዳትና ቢቸና ገብታ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራየች። ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔ ትሰጣለች፤ በዚያ ትኖራለች። ሰው ዘንድ ቀርባ የማትናገር፣ ገበያ ውስጥ ዋጋ ለመከራከር እንኳ የምታፍር ሴት ነበረች።

ታናሽ እህቷ በወሊድ የሞተች ቀን ግን ሌላ ሰው ሆነች። ከሬሳው ራስጌ ቆማ ያወጣችው ግጥም፣ አልቅሶ የማያውቀውን ወንድ ሁሉ አስለቀሰው። ማን አስተማረሽ ቢሏት እሷም አታውቀውም። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲሞት «ጥሩአየሁን ጥሩ» ሆነ። ከቢቸና እስከ ሞጣ ድረስ የእሷ ድምፅ ያልተሰማበት ለቅሶ እንደ ለቅሶ አይቆጠርም።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ከለቀስተኛው መሀል ትቀመጥና ነጠላዋን ግንባሯን አሳልፋ እስከ አገጯ ትከናነባለች። አፉን ከፍቶ ማልቀስ ያቃተው ዘመድ ከኋላዋ ጎንበስ ይልና በጆሮዋ ይነግራታል። አንዱ «ደግነቷን አንሺልኝ» ይላል። ሌላው «ሳንታረቅ ነው የሄደችብኝ፣ እሱን በይልኝ» ይላል። እሷ ቤት ትመታለትና ለሰው ሁሉ ታወጣዋለች፤ ሴቶቹም ተቀብለው ይደግሙታል። የነገራትን ሰው ፊት ግን ዞራ አታይም። አይታም አታውቅም። ሰው የሚያፍርበትን ነገር የሚያወጣው ለማያየው ሰው ነው፤ እንደ ንስሐ አባት ማለት ነው። «ጆሮዬ የሁሉ ነው፣ ዓይኔ ግን የማንም አይደለም» ትላለች።

ያ ልማድ ነው እንግዲህ ጉድ ያመጣባት።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ሞጣ ውስጥ ብቻዋን የምትኖር አንዲት አረቄ ሻጭ ቤቷ ውስጥ ታንቃ ተገኘች። ሰው የጠላት ነገር ነው ብሎ አለፈው። መጋቢት ላይ ቢቸና ዳር ሌላዋ፣ እሷም ብቻዋን የምትኖር። ያን ጊዜ አገር ደነገጠ። ሴቶች እየተጠራሩ አብረው ማደር ጀመሩ። ድሮ የመሸበት መንገደኛ «ቤቶች!» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባል የነበረው ቀረ። አሁን «ቤቶች!» ሲባል መብራት ይጠፋል።

ነገሩን እንዲመረምር የተመደበው ሳጅን ፍቅረ ሥላሴ የሚባል የአማኑኤል ከተማ ሰው ነው። ወደ ቢቸና ተዛውሮ የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ሲናገር እንኳ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ለእናቱ ጋቢ ሊያሠራ ፈልጎ ጥጡን እንድትፈትልለት ለጥሩአየሁ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ጥጡ የት እንደደረሰ ሊያይ መምጣቱ በዛ። ጎረቤቷ አምሳለች ይቺን አገኘች፤ ምላሷ ለማንም አይመለስም።

«አንቺ ጥሩ፣ ያ ፖሊስ ዛሬም መጣ?»

«ጥጡን ሊያይ ነው።»

«እሱስ አየ። አንቺን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ጊዜ ሲተርፈው ጥጡን ያያል።»

«አፍሽን ዝጊ! ጋቢውን ያዘዙት እናቱ ናቸው።»

«እናቱ ጋቢ አዘዙ፤ እሱ ከነምራታቸው ሊወስድላቸው ነው። አይ ጥሩአየሁ! ፈትሊ በደንብ፣ ቀስ ብለሽ ፈትሊ። ቶሎ ካለቀ ምን ብሎ ይመጣል?»

ጥሩአየሁ ሳቀች። እንዲያ ከሳቀች ብዙ ዘመን ሆኗት ነበር። እውነትም አዝግማ ነበር የምትፈትለው።

ግንቦት ሲገባ ሸዋነሽ ሞተች። ቢቸና ገበያ ቅመም የምትሸጥ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበረች። እሷም እንደ ሌሎቹ፤ ብቻዋን፣ ቤቷ ውስጥ። እናቷ እማሆይ ይርጋነሽ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው አጥበው ሲወጡ ቃል አልተነፈሱም። ለቅሶው ላይ ጥሩአየሁ ተከናንባ ተቀመጠች፤ ሰው እየመጣ በጆሮዋ ነገራት፣ እሷም አወጣች። መሀል ላይ አንድ ሹክሹክታ መጣ።

«ማተቧ የት እንደሄደ ጠይቂልኝ።»

ጥሩአየሁ አላሰበችበትም። ለቅሶ ላይ እንኳን ይህ ስንት ይባላል። ድምጿን አነሳች፦

«በሰማንያ ቀንሽ የታሰረው ክር፣
ማን ፈታው ካንገትሽ ሳይሰማ አገር።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። እማሆይ ይርጋነሽ ግን ለቅሷቸውን ቀጥ አደረጉ። ድንጋይ እንደነካው እንቅብ ግልብጥ ብለው ወደቁ።

በዚያው ቀን ከቀብር መልስ ፍቅረ ሥላሴ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚላት፤ ያን ቀን ረሳው።

«የማተቡን ነገር ማን ነገረሽ?»

«አላውቅም። ለቅሶ ላይ ነው የተነገረኝ፤ ዞሬ አላይም እኮ።»

«ስሚኝ ጥሩአየሁ። የሦስቱም ሴቶች ማተብ ከአንገታቸው ተበጥሶ ተወስዷል። ይህን የምናውቀው እኔና አለቃዬ፣ ሬሳውን ያጠቡት እናቶችም ብቻ ነን። እነሱንም ዝም በሉ ብለናቸዋል። ከእኛ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት። እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። ያ ሰው ትንፋሹ አንገቷን ነክቷት ነበር። ሥራውን በእሷ አፍ አስዘምሮ፣ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ አዳመጠ።

«ድምፁን ብትሰሚው ትለይዋለሽ?»

«ሹክሹክታ ምን ድምፅ አለው? የሁሉም ሰው አንድ ነው።»

«እሱ ግን ያንን አያውቅም» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «ለይታኛለች ብሎ ያስብ ይሆናል። ለማንም አትናገሪ፤ ለእኔ ብቻ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩአየሁ ሰው ሁሉ ሲያናግራት ጆሮዋን ትሸፍናለች። እህል ልታስፈጭ ሄዳ ከኋላዋ ያለው ሰው ቢያስነጥስ ትበረግጋለች። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ጎንበስ ስትል አንገቷ ላይ ትንፋሽ የመጣ ይመስላታል። ማተቧን ደጋግማ በእጇ ትዳስሳለች። ማታ ማታ አምሳለች ቤት ታድራለች። አምሳለች እንኳ መቀለዱን ተወች።

በሳምንቱ ሞጣ ላይ አንድ ሽማግሌ ሞተው ጠሯት። ከቢቸና ሞጣ ለቀስተኛ የሚያመላልሰው ይርሳው የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ነው። ቅን ሰው ነው ይባላል፤ ለአልቃሽ ሁልጊዜ የፊት ወንበር ይሰጣል፣ ሒሳብም አይቀበልም። መንገድ ላይ እንዲህ አላት፦

«እታለም፣ ያ መርማሪ ደጅሽን አዘወተረ ይላሉ።»

«ጥጥ ሰጥቶኝ ነው።»

«ይሁን፣ ጥጥ ነው። እኔ ምን አገባኝ? ግን እኔ እንግዲህ ሥራዬ ሰው ማመላለስ ነው፤ ሁሉን አያለሁ። በሦስቱም ቀብር ላይ ነበረ። ሰው ሲያለቅስ እሱ ሰው ይቃኛል።»

«ሥራው ነው።»

«ሥራው ነው እልሻለሁ። ግን እሱ ሳይመጣ በፊት በዚህ አገር ሴት ታንቃ ታውቃለች? አስቢው። እህቴ ብትሆኚ እነግርሽ ነበር ብዬ ነው እንጂ፣ ከፖሊስ ጋር እኔ ምን አጋጨኝ።»

ጥሩአየሁ በመስኮቱ ማሳውን እያየች አሰበች። የመጣው ታኅሣሥ ነው። የመጀመሪያዋ የሞተችው ጥር ነው። የማተቡን ነገር የሚያውቀው ማን ነው? እሱ ራሱ ነግሯታል። ለማንም አትናገሪ ያላትም እሱ ነው። ሞጣ ደርሳ ለሽማግሌው ስታለቅስ፣ ሰው ለሟቹ ያለቀሰች መሰለው እንጂ ለራሷ ነበር ያለቀሰችው። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ልቧን ከፍታ፣ የከፈተችው ለማን እንደሆነ ሳታውቅ!

ፍቅረ ሥላሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መዶሻና የብረት መወርወሪያ ይዞ መጣ። በሯ ላልቷል፣ ልሥራልሽ ብሎ። ሲመታ ቆማ እጁን አየችው። ሰፊ እጅ ነው፣ ጣቶቹ ረጃጅም። መወርወሪያ የሠራ ሰው እንዴት እንደሚከፈትም ያውቃል ብላ አሰበች።

«በይ ከውስጥ ወርውሪው፣ እስቲ ልሞክረው» አላት።

እሷ ግን ውስጥ ገብታ ከእሱ ጋር በር መዝጋት ፈራች። ደጅ ላይ እንደቆመች ቀረች። እሱም ገባው። መዶሻውን መሬት ላይ አኖረ።

«ፈራሽኝ?»

«ሁሉን ነው የምፈራው።»

የተረፉትን ምስማሮች ከመሬት ለቀመ። ከዚያ፣ ቀና ሳይል፣ «ደግ አደረግሽ» አለ። «እስኪያዝ ድረስ እኔንም ፍሪ። ማንንም አትመኚ።»

ሄደ። ጥሩአየሁ ይህን ቃል ሌሊቱን ስታገላብጠው አደረች። የደግ ሰው ቃል ነው? ወይስ የብልጥ? እንዲህ ብሎ የሚናገር ጨካኝ የለም ትልና ልቧ ይሞቃል፤ ጨካኝ ብልጥ ቢሆንስ ትልና መልሶ ይበርዳል። ጥጡን ካለበት አላነሳችውም።

ሰኔ ላይ የሸዋነሽ አጎት ገብረ ኪዳን ከደብረ ኤልያስ መጡ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩም ጠፍቶ ስለነበር መርዶውን የሰሙት ገና ነው። የሩቅ ዘመድ ሲደርስ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል፤ ልማድ ነው። እማሆይ ይርጋነሽ ጥሩአየሁን አስጠሯት። ፍቅረ ሥላሴም መንገድ ላይ አገኛት።

«እንዳትቀሪ» አላት። «ያ ሰው ይህን ለቅሶ አይተወውም፤ ባለፈው የቀመሰውን መልሶ ይፈልገዋል። መጥቶ ሲነግርሽ እንዳታወጪው፤ ነጠላሽን በእጅሽ ጎተት አድርጊው፣ ይበቃኛል። እኔ ከኋላሽ፣ በቀኝ በኩል እቀመጣለሁ።»

ጥሩአየሁ ልትቀር አስባ ነበር። ግን ልጃቸውን በእጃቸው ያጠቡትን ሴት ለቅሶ እንዴት ትነሳቸዋለች? ደግሞም ማወቅ ነበረባት። ከእንግዲህ በየሰው ትንፋሽ እየደነገጡ፣ በሚወዱት ሰው እጅ ሞትን እያዩ መኖር መኖር አይደለም።

ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሯል። ቀኑ ብሩህ ነበር። ጥሩአየሁ ተከናንባ መሀል ተቀመጠች። አጎትየው እንደ ለቅሶ ልማድ ድንጋይ ተሸክመው እያለቀሱ ገቡ፤ ለቅሶው ተቀጣጠለ። እሷ ታወጣለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። አንዱ መጥቶ ነገራት፤ የዘመድ ነገር ነው። ሌላዋ መጣች። ላብ ጀርባዋን አጠባት። ከነጠላዋ ውስጥ የምታየው የራሷን ጉልበትና ትንሽ መሬት ብቻ ነው። በግራ በኩል ግርግር ሰማች፤ «ደግፏቸው፣ ደግፏቸው!» ይባላል። ማን እንደወደቀ አላየችም።

ያን ጊዜ ከኋላዋ፣ በቀኝ በኩል፣ ትንፋሽ መጣ።

«የአልቃሿም ማተብ ተራው ደርሷል በይ።»

 ፍቅረ ሥላሴ ከኋላሽ፣ በቀኝ በኩል እቀመጣለሁ ብሏት ነበር። ቀኝ ብሎ ነበር! ሴቶቹ ግጥም ይጠብቃሉ፤ ደረታቸውን የመቱበት እጅ በአየር ላይ ቆሟል። ብታወጣው የራሷን መርዶ ራሷ ልትናገር ነው። ነጠላዋን ብትጎትተውስ ለማን ነው የምትጎትተው? ለገዳይዋ? ዝም ብትል ደግሞ ዝምታዋን ይሰማዋል።

ከሆነም እሱ ይሁን፣ ሳላየው ግን አልሞትም አለች በልቧ።

ከእህቷ ሞት ጀምሮ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ነጠላዋን ገልጣ ዞረች።

ይርሳው ነው። የውሃ ማሰሮ ይዞ ለለቀስተኛ ሲያድል ከኋላዋ ተንበርክኳል። ፊቱ ፊቷ ድረስ ቀርቧል። ያ ቅን ፈገግታው እንዳለ ነው፤ ዓይኑ ግን አይስቅም። የፍቅረ ሥላሴ ቦታ ባዶ ነው። እሱ ራሳቸውን የሳቱትን እማሆይን ደግፎ ወደ ቤት እያስገባ ነበር።

«ምነው እታለም፣ ውሃ ልስጥሽ?» አላት ይርሳው ቀስ ብሎ።

ጥሩአየሁ መጮህ አቃታት። ጩኸት አልወጣ አላት። የወጣላት እሷ የምታውቀው ነገር ብቻ ነው፤ ዓይኑን እያየችው፣ በለቅሶ ዜማ፦

«የሸዋነሽን ማተብ ሳትጠይቁ ሩቅ፣
ይርሳውን ጠይቁት፣ እሱ ነው የሚያውቅ።»

ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ተቀበሏት። «እሱ ነው የሚያውቅ! እሱ ነው የሚያውቅ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ምን እንዳሉ የገባቸው ከደገሙት በኋላ ነው። ድምፁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ እያነሰ እያነሰ ሄደ፤ ግቢው ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞረ።

ይርሳው ማሰሮውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ። «ምን ሆናችኋል? ከመቼ ወዲህ ነው የሴት ግጥም ማስረጃ የሆነው?» አለና ሳቀ። አብሮት የሳቀ ግን አልነበረም። ወደ በሩ መራመድ ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጥኖ። አጎትየው ገብረ ኪዳን ገና የተሸከሙት ድንጋይ ከትከሻቸው አልወረደም ነበር፤ እንደያዙት በሩን ቆመው ዘጉት። ፍቅረ ሥላሴ ከቤት ሮጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግርግር ነው።

መኪናው ሲፈተሽ ከፊት ወንበር ሽፋን ውስጥ ሦስት ማተብ ተጠቅልለው ተገኙ። ጥሩአየሁ ሁልጊዜ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር። ይህን ሲነግሯት ከአምሳለች ግድግዳ ጋር ተጣብቃ አስመለሳት።

«ሴቶቹን በመኪናው ያመላልሳቸው ነበር» አለቻት አምሳለች። «ብቻቸውን እንደሚኖሩ በወሬ መሀል ነግረውታል። እኔም እኮ ስንቴ ነግሬዋለሁ፤ የማልነግረው ምን አለ?» ይህን ስትል አምሳለች ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ምላሷን ፈራችው።

ለምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ ድረስ አልተናገረም። ሰው የራሱን ይላል። እኔ አላውቅምና አልጽፍም።

ሌሊቱን ጥሩአየሁ አልተኛችም። ተይዟል፣ ታስሯል ቢሏትም ጆሮዋ አላመነም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲነካ እንኳ አንድ ሰው ስሟን የጠራት እየመሰላት ትቀመጣለች።

በነጋታው ጠዋት ፀሐይ በደንብ እስክትወጣ ጠብቃ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች። ቃሏን ለመስጠት ጣቢያ እንድትቀርብ ተነግሯታል። ፍቅረ ሥላሴ ወደ ደጃፉ ሳይጠጋ፣ ከአጥሩ ውጭ ጎዳናው ላይ ቆሞ ጠበቃት። አምሳለች በር ላይ ሆና ልትተርብ አፏን ከፍታ፣ ሁለቱንም አየችና ዘጋችው።

ገበያ ቀን ነበር። ሰው ሁሉ እያየ በመሀል መንገድ ጎን ለጎን ሄዱ። እሷ ከወንድ ጋር እንዲያ ሄዳ አታውቅም፤ ከኋላ ጡሩምባ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች፣ እሱ ያኔ እርምጃውን ያዘገይላታል።

«ጠርጥሬህ ነበር» አለችው። «እርስዎ» ማለቱን ረሳችው።

«አውቃለሁ።»

«እስከ መጨረሻው። ስዞር አንተን ነበር የጠበቅኩት።»

እሱ ለአንዲት ገበያተኛ መንገድ ለቀቀ። «እኔን ጠብቀሽም ዞርሽ» አላት።

ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ቆመ። «እኔ አልገባም። ቃልሽን ሌላ ሰው ነው የሚቀበልሽ፤ እኔ ብቀበል ደግ አይደለም። እዚህ ግንድ ላይ እቀመጣለሁ።»

ብቻዋን ገባች። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ወጣት ፖሊስ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ወንበር አሳያትና ከኋላዋ ያለውን በር ሊዘጋ ተነሳ።

«ተወው ልጄ፣ ክፍት ይሁንልኝ» አለችው ጥሩአየሁ። ወንበሩንም አንስታ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች፤ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ ግንዱ ላይ የተቀመጠውን ሰው እያየች ስሟን ተናገረች።